ሃሎዊንን ከትንንሽ ልጆች ጋር በቤት ማክበር፦ ከዱባው እስከ ሰፌዱ

አሜሪካ በገባን በመጀመሪያው ዓመት ኦክቶበር 31፣ የሃሎዊን ዕለት ማታ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አራት ልጆች ቆመዋል። አንዱ ነብር ሆኗል፣ አንዷ ንብ። የቀሩትን የሁለቱን ምንነት መለየት አልቻልኩም። ቦርሳቸውን ዘርግተው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ቤት ውስጥ አንዲት ከረሜላ የለችም። ያለንን ሙዝ አንስቼ ለእያንዳንዳቸው ሰጠሁ። አመስግነው ሄዱ። በሩን ስዘጋ ትዝ ያለኝ ቡሄ ነው። ልጆች ተሰብስበው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፣ የቤቱ ሰው ሙልሙል ይዞ ይወጣል፣ ልጆቹ መርቀው ወደ ሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ። ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።

ዛሬ ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ አራት ሞልቶታል። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ነው። ልጁ ትንሽ ከሆነ የበዓሉ መሃል ቤታችሁ ይሁን። ከቤት ቤት መዞሩ ይጠር፣ በር ላይ ቆሞ መስጠቱ ይርዘም። ይህን የተማርኩት ከትንሹ ልጄ ነው፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ተነጋገሩ

ይህ ደረጃ አይዘለል። ሃሎዊን በእኛ ማኅበረሰብ ሁሉም በአንድ ዓይን የሚያየው በዓል አይደለም። "የሰይጣን በዓል ነው" ብሎ ጨርሶ የማያስጠጋው ቤተሰብ አለ። "የልጆች ጨዋታ ነው" የሚልም አለ። ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ ዕለቱ ከደረሰ ልጁ ፊት መከራከር ይመጣል፣ ልጁም ግራ ይጋባል።

መነሻውን ማወቅ ለውይይቱ ይረዳል። ከ2000 ዓመት በፊት በአየርላንድና በአካባቢዋ የነበሩ ኬልቶች መኸሩ አልቆ ብርዱ ሲገባ ሳውን የሚሉትን በዓል ያከብሩ ነበር። በዚያች ሌሊት የሙታን መናፍስት ወደ ሰው ይቀርባሉ ብለው ያምኑ ነበር። በኋላ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1ን የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ አደረገችው። ሃሎዊን የሚለው ስምም "የቅዱሳን ዋዜማ" ከማለት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድ በረሃብ ስትመታ የተሰደዱት ሰዎች ልማዱን ይዘውት አሜሪካ ገቡ። እንግዲህ ውስጡ የጣዖትም የክርስትናም ታሪክ አለ። የዛሬው ግን በአብዛኛው የጎረቤትና የከረሜላ ምሽት ነው።

ኦርቶዶክስ ለሆንን ሌላም ነገር አለ። ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ዓመት ጥቅምት 21 ነው፣ የማርያም ዕለት። ወቅቱም ጽጌ ነው። እኛ ቤት ጠዋት ስለ ማርያም እንነጋገራለን፣ ማታ ፊት የፈለፈልንበትን ዱባ እናበራለን። ደም፣ ቀንድ፣ ሬሳና መቃብር ቤታችን አይገባም። ይህ የእኛ ውሳኔ ነው። የእናንተን ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከፓስተራችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

አናከብርም ካላችሁም ችግር የለም። የበረንዳውን መብራት አጥፉ። አሜሪካ ውስጥ የጠፋ መብራት "እዚህ አይንኳኳም" ማለት ነው፣ ማንም አይቀየማችሁም። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በአልባሳት የሚያሰልፍ ከሆነ ግን ለአስተማሪዋ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ንገሩ። ልጁ ጠዋት ክፍል ገብቶ ብቻውን ሳይለብስ ቢገኝ ይከፋዋል።

ሁለት ሳምንት ሲቀር፦ ልብሱ

ልጁ ራሱ ይምረጥ፣ ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ነገር መሃል። "ምን መሆን ትፈልጋለህ?" ብላችሁ ከለቀቃችሁት በየቀኑ ይቀያይርባችኋል።

ከሱቅ መግዛት ግዴታ አይደለም። ያለን ሹራብና ሱሪ ብዙ ይሠራል። እኛ ቤት የተሳካልንን ሁለቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ቡናማ ባለ ኮፍያ ሹራብ ትወስዳላችሁ። ትከሻውና ኮፍያው ላይ ቡናማ የክር ጉንጉን እየቆረጣችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ትሰፋላችሁ፣ ጎፈሬው ያ ነው። ደረቱ ላይ ከቀይ ጨርቅ የልብ ቅርጽ ቆርጣችሁ ትለጥፋላችሁ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም እንደሌለ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት እንዳለው ለልጁ ነገርኩት። በዚያ ምሽት ለጠየቀው ሁሉ "አይ አም ኤ ጌላዳ፣ ፍሮም ኢትዮጵያ" ሲል አመሸ። ጎረቤቶቻችን ዝንጀሮውን በስልካቸው ፈልገው አዩት።

ሁለተኛው አበበ ቢቂላ ነው። አረንጓዴ ካናቴራ፣ ቁምጣ፣ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ የለበሰው ቁጥር 11 ነበር። ለትልቋ ልጄ ቁጥሩን በነጭ ጨርቅ ላይ በማርከር ጽፈን በመርፌ ቁልፍ አያያዝንላት። ከውስጥ ረጅም እጅጌና ረጅም ታይት አለበስናት፣ ምክንያቱም የኦክቶበር መጨረሻ ይበርዳል። እግሯ ላይም ጫማ ነበር። ስለ ባዶ እግሩ ታሪኩን ነገርናት፣ በቃ።

የትኛውንም ብትመርጡ እነዚህን አትርሱ፦

- ልብሱ ከጃኬት በላይ ይለበስ። ስለዚህ አንድ ቁጥር ይተልቅ። ርዝመቱ ግን ከቁርጭምጭሚት አይውረድ፣ ደረጃ ላይ ይጠልፋል።
- ጭምብል ለትንሽ ልጅ አይሆንም። ዓይን ይጋርዳል፣ ትንፋሽም ያፍናል። የፊት ቀለም ይሻላል። ቀለሙን ቀድማችሁ ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ እስከ ማግሥቱ እዩት። ካሳከከው ተዉት።
- ከሱቅ ከገዛችሁ በቀላሉ እሳት እንደማይይዘው የተጻፈበት መሆኑን አረጋግጡ። ቀጫጭን የልዕልት ቀሚሶች ሻማ አጠገብ አደገኛ ናቸው።
- ጥቁር የለበሰ ልጅ በጨለማ አይታይም። ጀርባውና እጅጌው ላይ አንጸባራቂ ቴፕ ለጥፉ።

ሌላው፣ ልብሱን አንድ ቀን ቀድሞ ቤት ውስጥ ለብሶት ይጫወት። የሚኮሰኩስ ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል።

ፍርሃቱን ቀድሞ ማብረድ

የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ጭምብል ያጠለቀ ሰውን ሰው ነው ብሎ አያይም። ሌላ ፍጥረት ነው የሚሆንበት። ስለዚህ ከመስተዋት ፊት ቆማችሁ አንድ ነገር ፊታችሁ ላይ አድርጉ፣ አውልቁ፣ እንደገና አድርጉ። ልጁ ይንካው፣ ራሱም ያጥልቀው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስፈራሪያ ፊልም ለዚህ ዕድሜ አያስፈልግም። እኛ የምናደርገው መብራት አጥፍተን ግድግዳ ላይ በባትሪ የእጅ ጥላ እየሠራን የአያ ጅቦን ተረት መተረት ነው። አያ ጅቦ ያስፈራል፣ መጨረሻ ላይ ግን ሁሌም ይታለላል። ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ይታቀፉናል፣ "ድገምልን" ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ከዚያ ምሽት በኋላ እንዲተኙ ብላችሁ "ጅቡ መጣ" አትበሉ። ጨዋታው ጨዋታ እንደሆነ ይቅር።

ለቤቱ ማስጌጫ ከጥቁር ወረቀት የተቆረጡ የሌሊት ወፎች፣ ብርቱካናማ ፊኛና የደረቀ የበልግ ቅጠል ይበቃሉ።

ዱባው

ለልጆች ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ጊዜ ስጡት። አይሪሾች በአገራቸው ይፈለፍሉ የነበረው ተርኒፕ የሚባለውን ሥራ ሥር ነበር። አሜሪካ ሲመጡ ዱባ አገኙ። ትልቅ ነው፣ ለመፈልፈልም ይቀላል።

ሁለት ዓይነት ግዙ። አንዱ ትልቁና ብርቱካናማው፣ ለመፈልፈል። ሌላው ትንሹ፣ "ሹገር ፓምፕኪን" የሚባለው፣ ለወጥ። ትልቁ ውስጡ ውኃና ክር ስለሆነ ወጥ አይወጣውም። አንድ ጊዜ ሞክሬው ሾርባ ሆኖብኛል። ስትመርጡ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ሳይንከባለል የሚቆመውን ውሰዱ። በአውራ ጣት ስትጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ተዉት፣ መበስበስ ጀምሯል።

የተፈለፈለ ዱባ ዕድሜው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው፣ ሙቀት ካለ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ኦክቶበር 29 ወይም 30 ላይ ፈልፍሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ጠረጴዛው ላይ የቆየ ጋዜጣ ወይም ላስቲክ አንጥፉ። ልጁ ፊቱን በማርከር ይሳል። ዓይኑ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ቢሆን አታርሙት።
2. ቢላዋ የአዋቂ ሥራ ነው። ክዳኑን ስትቆርጡ ቢላዋውን ወደ መሃል አዘንብሉት። ቀጥ ካደረጋችሁት ክዳኑ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከኋላ በኩል ትንሽ ማዕዘን አውጡለት፣ ያኔ ስትመልሱት በቦታው ይገጥማል።
3. ውስጡን ማውጣት የልጆች ነው። እጅጌያቸውን ሰብስቡ፣ ትልቅ ማንኪያ ስጧቸው። ትንሹ ልጄ መጀመሪያ እጁን ሲያስገባ ፊቱን አጨፈገገ። ቀዝቃዛ፣ የሚያሟልጭ፣ ክር የበዛበት ነገር ነው። ከአፍታ በኋላ እስከ ክርኑ ገብቶ ፍሬ ይቆጥር ነበር።
4. ፊቱ የሚቆረጥበትን ግድግዳ ከውስጥ እየፋቃችሁ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል አድርሱት። ያኔ መቁረጥ ይቀላል። ሱፐርማርኬት የሚሸጡት ትንንሽ መጋዞች ከወጥ ቤት ቢላዋ ይሻላሉ፣ አያዳልጡም።
5. የተቆረጠውን ጠርዝ ቫዝሊን ቀቡት። ቶሎ አይደርቅም።
6. ውስጡ በባትሪ የሚሠራ መብራት አስገቡ። እውነተኛ ሻማና ሰፊ ቀሚስ አንድ ደጃፍ ላይ አይገናኙ።

ስለ ባትሪው መብራት አንድ ከባድ ነገር ልበል። ትንንሾቹ የሻማ ቅርጽ ያላቸው መብራቶች ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ባትሪ አለ። ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ይችላል። ክዳኑ በብሎን የሚታሰረውን ብቻ ግዙ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ለሁለት ዓመት ልጅ መፈልፈሉ አይሆንም። ትንሽ ዱባና ስቲከር ስጡት። ስላልተቆረጠ ለሳምንታት ይቆያል።

ፍሬውን እንዳትጥሉ። በውኃ አጥባችሁ ክሩን አስለቅቁት፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፣ በትንሽ ዘይትና ጨው ለውሱት። በ350 ዲግሪ ፋራናይት ምድጃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ አማስሉት። ብረት ምጣድ ላይ እንደ ቆሎ መቁላትም ይቻላል። ለአዋቂዎች ሚጥሚጣ ነስነስ ይደረግበታል። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አይሰጥ፣ ያንቃል።

ለበሩ የሚሆን ከረሜላ

እጅግ ትንንሽ የሆኑትን ቸኮሌቶች የያዘውን ትልቁን ከረጢት ግዙ። ለአንድ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ስንት ልጅ እንደሚመጣ ጎረቤት ጠይቁ፣ ሰፈር ከሰፈር ይለያያል። እኛ መንገድ ላይ እስከ ሃምሳ ልጅ ይመጣል፣ ሁለት መንገድ ወረድ ብላ የምትኖር ጓደኛችን ጋ ከአሥር አይበልጡም።

ቤት የጋገራችሁትን አትስጡ። ዳቦ ቆሎ በልዩ ጥበብ ብትሠሩም፣ የማያውቋችሁ ወላጆች ቤታቸው ሲደርሱ ይጥሉታል። ለበሩ በፋብሪካ የታሸገ ብቻ ነው። ዳቦ ቆሎው ለቤታችሁ ልጆችና ለምታውቁት ጎረቤት ይሁን።

ለኦቾሎኒ ወይም ለወተት አለርጂ ያላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ለእነሱ ትንሽ ሳህን ላይ እርሳስ፣ ስቲከር፣ ላስቲክ አምባር አድርጉ። ደጃፍ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ቀለም የተቀባ ዱባ ካደረጋችሁ፣ ወላጆች የማይበላ ስጦታ እንዳላችሁ ያውቃሉ። ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ2012 ቴነሲ ውስጥ ተጀምሮ አሁን በመላው አሜሪካ ይታወቃል።

ምሽቱ

ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ 4፡30 ላይ እራት ይብሉ። እኛ ቤት የዱባ አልጫ በእንጀራ ነው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ ብቻ። የጠገበ ልጅ ከረሜላ ላይ አይሠፍርም። ሆዱ ባዶ ሆኖ የወጣ ልጅ ግን ሦስተኛው ቤት ላይ ማልቀስ ይጀምራል።

5፡15 ላይ ልብስ። ሽንት ቤት ከልብሱ በፊት!

5፡30 ላይ ውጡ። በእኛ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ6 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ስለሆነ በብርሃን ትጀምራላችሁ። ለትንሽ ልጅ ከአራት እስከ ስድስት ቤት ይበቃዋል። የምታውቋቸውን ቤቶች ምረጡ፣ መብራታቸው የበራውን ብቻ። እኔ ከዋዜማው ጀምሮ መንገዱን በቀን ዞሬ አያለሁ። ማን ደጃፉ ላይ ምን እንዳቆመ ማወቅ ይጠቅማል።

ይህን የጀመርኩት በምክንያት ነው። ትንሹ ልጄ ሦስት ዓመቱ እያለ ሁለተኛው ቤት ላይ ደርሰን ደረጃውን ሊረግጥ ሲል ሣሩ ላይ የተኛ የፕላስቲክ አጽም ብድግ አለ። እንቅስቃሴ ሲሰማው እንዲነሳ ተደርጎ ነው የተሠራው። ልጄ አልጮኸም። ዝም ብሎ እጄን ጨምቆ ያዘና ቆመ። ከዚያ በኋላ የትኛውም በር ጋ አልጠጋም አለ። አላስገደድኩትም። ተሸክሜው ቤት ገባን። የከረሜላውን ሳህን አመጣሁና በራችን ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። "አንተ ነህ የምትሰጠው" አልኩት። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሲመጡ ከኋላዬ ተደበቀ። ሁለተኛዎቹ ሲመጡ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ስምንት ሰዓት ላይ መብራቱን ሳጠፋ "ሌሎች ልጆች አልቀሩም?" ብሎ ያለቅስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ይሄ ነው። 6፡15 ላይ እንመለሳለን፣ ከዚያ ትንሹ በር ላይ ይቀመጣል። እናንተም ሞክሩት። ልጁ ከውስጥ ሆኖ ጭራቅ የመሰሉት ሁሉ "ታንክ ዩ" የሚሉ ልጆች እንደሆኑ አንድ በአንድ ያያል። እጁን ዘርግቶ መስጠትንም ይለምዳል። በርጩማው ከበሩ ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይሁን፣ አንዳችሁም ከአጠገቡ አትለዩ።

ሲወጣ የሚለውን ቀድማችሁ አለማምዱት፦ "ትሪክ ኦር ትሪት" ("ጣፋጭ ስጡን፣ አለዚያ እንቀልድባችኋለን" እንደማለት) ይላል፣ ይቀበላል፣ ያመሰግናል። ቡሄ የሚጨፍር ልጅ ሳይመርቅ አይሄድም ነበር፣ ይሄም ያው ነው።

መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ በእግረኛ መንገድ ብቻ ሂዱ። ይህ ምሽት በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች በመኪና ከሚገጩባቸው ምሽቶች ከባዱ ነው። ባትሪ ያዙ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። መኪና የሚነዳ ካለ ሳይጨልም ቤቱ ይግባ።

አፓርትመንት ውስጥ ከሆናችሁ ሎቢው ላይ ልጆችን የሚቀበሉ ሰዎች የስም ዝርዝር ተለጥፎ ሊኖር ይችላል፣ የተመዘገቡትን በሮች ብቻ አንኳኩ። ከሌለ ከሁለት ጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በሦስት በር መሃል ማዞር ይበቃል። ለሦስት ዓመት ልጅ ሦስት በር ብዙ ነው።

ሰፌዱ ላይ

ሲመለሱ የሰበሰቡትን ሰፌድ ላይ አፍሱት። እናቴ ምስር ስትለቅም እንደምታደርገው ከብርሃን ሥር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እንለቅማለን። ልጆቹ በጣም ይወዱታል።

የሚወጣው ምንድን ነው? ማሸጊያው የተቀደደ። ስሙን የማታውቁት፣ ወይም የታወቀ ከረሜላ መስሎ ጽሑፉ ለየት ያለ፣ ምክንያቱም ካናቢስ (ሐሺሽ) ያለባቸው ከረሜላዎች አንዳንዴ እንደዚያ ሆነው ይታሸጋሉ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ጠንካራ ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ ፈንዲሻ፣ ካራሜልና ሙሉ ኦቾሎኒ። እነዚህ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራሉ።

ስለ መርዝ የሚወራውን እናንተም ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ልጅ በሃሎዊን ከረሜላ ተመርዞ ሞቷል። መርዙን የሰጠው ግን የገዛ አባቱ ነበር፣ ለኢንሹራንስ ገንዘብ ብሎ። እንግዳ ሰው መርዝ ያድላል የሚለው ፍርሃት ከእውነታው እጅግ ይገዝፋል። ልቀሙ፣ ግን አትሸበሩ። ልጁ የማይሆን ነገር በልቷል ብላችሁ ካሰባችሁ የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-222-1222 ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ግን 911።

ያን ማታ ሦስት ይመርጣሉ። የቀረው ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ከምሳ በኋላ በቀን አንድ። ተጣባቂው ከረሜላ ከቸኮሌት ይልቅ ጥርስ ይጎዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ቀንሱ። ጥርስ ይፋቅ፣ ፊት ይታጠብ። የፊት ቀለሙ በሳሙና እምቢ ካለ የሕፃን ቅባት ቀባ ቀባ አድርጋችሁ በጥጥ ጥረጉት፣ ይለቃል።

በማግሥቱ

ዱባው ከመበስበሱ በፊት ይነሳ። አጎንብሶ ሻጋታ ካወጣ በኋላ ልጁ ካየው ያዝናል። ጓሮ ካላችሁ ቆራርጣችሁ ቅጠሉ ሥር ቅበሩት፣ ማዳበሪያ ይሆናል። ብዙ ከረሜላ ከተረፋችሁም ሰፈራችሁ ያሉትን የጥርስ ሐኪሞች ጠይቁ፣ አንዳንዶቹ ከልጆች በገንዘብ ይገዛሉ።

ኖቬምበር 1 ጠዋት ደግሞ ሱቅ ብቅ በሉ። አልባሳቱ በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይሸጣሉ። ለከርሞ አንድ ቁጥር አተልቃችሁ ግዙ፣ አንጸባራቂ ቴፑንም አብራችሁ አስቀምጡት።